ቀለበቱ የት ሄደ? ስለ ወፍራም ፊደል፣ ስለ ጄኔቫና ስለ ዙሪክ

ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት የሆነችኝ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ነገሩ የሆነው ዙሪክ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻቸውን አማርኛ የሚያስተምሩ ወላጆች የዓመቱን ትምህርት ሲዘጉ አንድ ዝግጅት ያደርጋሉ፤ እኔም ከጄኔቫ ተጋብዤ ነበር። በዚያ ላይ "አንተ ኮምፒዩተር ታውቃለህ" ተብዬ የአዳራሹን ባነር እንድሠራ አደራ ተሰጠኝ። ለልጆች የሚሆን ወፈር ያለ፣ ጫፉ ክብ ክብ ያለ፣ ከሩቅ የሚጣራ ፊደል ይሻላል ብዬ፣ ያለኝን የግዕዝ ፎንት ወስጄ፣ ዙሪያውን በወፍራም መስመር ከብቤ፣ ማዕዘኑን አለዝቤ "የቤተሰብ ቀን" ብዬ አሳተምኩ። ሦስት ሜትር የሚሆን ቢጫ ባነር ነው። ሲሰቀል ሁሉም ወደደው፤ እኔም በሥራዬ ኮራሁ።

ልጆቹ ተራ በተራ እየተነሱ ሲያነቡ የአንዲት ልጅ ተራ ደረሰ። መምህሯ ወደ ባነሩ አመለከተቻት። ልጅቷም ጣቷን ቀስራ "የ... ቢ... ተ... ሰ... ብ..." አለች። አዳራሹ ሳቀ። መምህሯ በፍቅር "ቤ ነው እኮ የኔ እመቤት" ብላ አረመቻት። ልጅቷ ግን አልተቀበለችም። ባነሩን የሠራሁት እኔ መሆኔን ሰምታ ነበርና ወደ እኔ ዞራ "ጋሼ፣ ቤ ከሆነ ቀለበቱ የታለ?" አለችኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። እውነትም ቀለበት የለም። በቤ ቀኝ እግር ሥር መኖር የነበረባት ትንሽ ክብ፣ እኔ ፊደሉን ሳወፍረው ውስጧ ተሞልቶ ድፍን ጉብታ ሆናለች። ከቢ እግር ጋር ምንም ልዩነት የላትም። ልጅቷ በትክክል አንብባለች፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሆኖም የተሳቀው በእኔ ሳይሆን በእሷ ነው። ከዚያ በኋላ የቀሩት ልጆች ሲያነቡ እሷ አፏን አልከፈተችም።

ወደ ጄኔቫ ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። በውጭ አገር የተወለደ ልጅ አማርኛ ማንበብ ሲያቅተው "ሰነፈ"፣ "ወላጆቹ አላስተማሩትም"፣ "ፊደላችን በዛበት" እንላለን። ለመሆኑ ስንት ጊዜ ይሆን ጥፋቱ የፊደሉ ቅርጽ ሆኖ ሳለ ልጁን የወቀስነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ጥቂት አነበብኩ፤ ያገኘሁትንም ለአንባቢያን ላካፍል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ከተሞች፣ ሁለት ፊደሎች

ጄኔቫና ዙሪክ የከተማ ስም ብቻ አይደሉም፤ የፊደል ስምም ናቸው። አፕል ኩባንያ በ1984 የመጀመሪያውን ማኪንቶሽ ለገበያ ሲያወጣ ከውስጡ የነበሩት ፎንቶች በዓለም ታላላቅ ከተሞች ስም የተጠሩ ነበሩ። ሱዛን ኬር የተባለችው ሠዓሊ በጥቃቅን ነጥቦች ካዘጋጀቻቸው መካከል አንዱ "ጄኔቫ" ይባላል። "ዙሪክ" ደግሞ ቢትስትሪም የተባለው ኩባንያ "ዩኒቨርስ" ለተባለው ዝነኛ ፊደል በራሱ እትም ላይ ያወጣለት ስም ነው።

እነዚህን ከተሞች ለፊደል ስም ያበቃቸው የስዊስ የፊደል ጥበብ ነው። በ1957 ባዝል አጠገብ ሙንሸንሽታይን በሚገኘው የሃስ ፊደል ማቅለጫ፣ ኤድዋርድ ሆፍማን የተባለው ሥራ አስኪያጅ እየመራው፣ የዙሪኩ ተወላጅ ማክስ ሚዲንገር አንድ ፊደል ነደፈ። መጀመሪያ ስሙ "ኖየ ሃስ ግሮቴስክ" ነበር፤ በ1960 ወደ ውጭ ገበያ ሲወጣ "ሄልቬቲካ" ተባለ። በላቲን "የስዊስ" ማለት ነው። በዚያው በ1957 ሌላው የስዊስ ሰው አድሪያን ፍሩቲገር ዩኒቨርስን ፓሪስ ላይ አወጣ። ፍሩቲገር ሙያውን የተማረው ዙሪክ በሚገኘው የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ዩኒቨርስ ከቀጭን እስከ ወፍራም፣ ከጠባብ እስከ ሰፊ 21 ዓይነት ሆኖ ወጣ። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በስዊስ ባቡር የተጓዘ ሁሉ ይህን ፊደል ያውቀዋል። በየጣቢያው ያለው ሰማያዊ ሰሌዳና የነጩ ጽሑፍ ሥርዓት የዙሪኩ ዮዘፍ ሙለር-ብሮክማን የደከመበት ሥራ ነው፤ ፊደሉ ሄልቬቲካ ነው። ከጄኔቫ ኮርናቫን ተነስቶ ዙሪክ እስኪደርስ መንገደኛው በፈረንሳይኛ ጀምሮ በጀርመንኛ ይጨርሳል፤ የፊደሉ መልክ ግን አይለወጥም። የስደተኛ ዓይን ይህን ቶሎ ያያል። ቋንቋው ሲለወጥ ግራ የገባው ሰው ቢያንስ ፊደሉን ያውቀዋልና።

ክብ ጫፍ ከየት መጣ?

የጥንቱ የላቲን ፊደል እግሩና ራሱ ላይ ትንንሽ ቅጥያ ነበረው። ቅጥያ የለሽ የሕትመት ፊደል በለንደን የካስሎን ቤት ናሙና ላይ የታየው በ1816 ነው። ጫፉን ክብ ማድረግ የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ በአመዛኙ ያመጣው መሣሪያው ነው። ብረትና እንጨት የሚቦረቡር የሚሽከረከር መሰርሰሪያ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ጫፍ ክብ ያደርጋል። ከ1910ዎቹ ጀምሮ የመጣው የኒዮን መብራትም ከመስታወት ቱቦ የሚታጠፍ ስለሆነ ሹል ጫፍ አያውቅም።

በኋላ ሰው መልኩን ስለወደደው መሣሪያው በሌለበትም ይሥለው ጀመር። በ1970 ሌትራሴት የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ፣ በወረቀት ላይ ተፍቆ የሚለጠፍ "ፍራንክፈርተር" የሚባል ወፍራም ክብ ፊደል አወጣ። ስሙ የቋሊማ ስም ነው፤ ፊደሉን ላየ ሰው ስሙ አይገርመውም። በ1979 ደግሞ የቮልስዋገን ድርጅት፣ የቮልስዋገንና የአውዲ ሻጮች በአንድ መልክ እንዲታዩ ሲፈልግ ክብ ጫፍ ያለው ፊደል አሠራ፤ "ፋግ ራውንድድ" ይባላል። ይኸው ፊደል በኋላ ለብዙ ዓመታት በአፕል ኮምፒዩተሮች የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ የሁላችንንም ጣት ሲያሟሽ ኖሯል። ሄልቬቲካም ሳይቀር ክብ ጫፍ ያለው ዘመድ ተበጅቶለታል።

ቮልስ ሲነሳ ለእኛ ሌላ ትዝታ አለ። በመስከረም 1974 ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ትንሿ መኪና ቮልስ ነበረች። አዲስ አበባ ቮልስን የምትወዳትም የምትስቅባትም ክብ ስለሆነች ይመስለኛል። ክብ ነገር አያስፈራም። ክብ ፊደልም እንዲሁ ነው፤ የልጆች መጫወቻ፣ ከረሜላና የወተት ካርቶን ላይ የሚበዛው ለዚህ ነው። እኔም ለልጆቹ ባነር የመረጥኩት በዚሁ ምክንያት ነበርና ፍላጎቴን አሁንም አልኮንነውም።

የእኛ ፊደልና መሣሪያዎቹ

የግዕዝ ፊደል መልኩን ያገኘው ከመቃ ብዕርና ከብራና ነው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ እየወጋ መስመር ያሰምራል፤ የመቃውን አፍ ጠፍጣፋ አድርጎ ይቀርጻል፤ ብዕሩ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ይሰጠዋል። የቆመው እግር የሚወፍረው፣ አግድሙ የሚቀጥነው ለዚህ ነው። ይህ ውበት ብቻ አይደለም። አግድሙ ስለቀጠነ ቀለበቷ ውስጧ ክፍት ሆና ትቀራለች። ጸሐፊው ይህን በቃል ላይናገረው ይችላል፤ እጁ ግን ያውቀዋል።

ከብራና ወደ እርሳስ ስንሻገር የመጀመሪያው የግዕዝ የሕትመት መጽሐፍ በ1513 ሮም ላይ ዮሐንስ ፖትከን ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። በ1548 እና 1549 አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን ይዞ በጀርመን አገር የግዕዝ መጻሕፍትን አሳተመ።

ስዊስም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች፤ ብዙዎቻችን ግን አናውቀውም። ባዝል አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ ቅድስት ክሪሾና የሚባል የሚሲዮን ማዕከል አለ። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ፣ በ1899 የታተመው እዚያ ነው። ከሃምሳ ስምንት ዓመት በኋላ ሄልቬቲካ የተወለደበት የሃስ ማቅለጫም የሚገኘው በዚያው በባዝል ዙሪያ ነው። ዓለምን ያዳረሰው የስዊስ ፊደል ከመፈጠሩ በፊት በአካባቢው የእኛ ፊደል በማተሚያ ቤት ይለቀም ነበር ማለት ነው። ዙሪክ ተምሮ በ1879 ወደ ኢትዮጵያ የመጣውና የአፄ ምኒልክ አማካሪ የነበረው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም በ1916 ያረፈው ዙሪክ ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል ከሰዓትና ከቸኮሌት የበለጠ ነገር አለ።

ቀጥሎ የመጣው የጽሕፈት መኪና ነው። ኢንጂነር አያና ብሩና ሌሎች የደከሙበት ችግር ግልጽ ነበር። የላቲን መኪና 26 ፊደል በትልቅና በትንሽ ይዞ ይበቃዋል፤ የአማርኛው 33 ሆሄ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ግዕዙን መትቶ የካዕቡን፣ የሣልሱን፣ የኃምሱን ምልክት ለብቻ መለጠፍ የግድ ሆነ። ፊደሉ ተነበበ፤ መልኩ ግን ተንጋደደ። ቀለበቷ አንዳንዴ ከእግሩ ራቅ ብላ ብቻዋን ትንጠለጠላለች። በዚያ ዘመን የተጻፈ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያየ ሰው ያስታውሰዋል።

ከዚያ የታፔላ ሠዓሊዎች አሉ። ስለ እነሱ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ በእኔ እምነት ግን ወፍራምና ክብ የአማርኛ ፊደልን ከማንም በተሻለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። "ምግብ ቤት"፣ "ፀጉር ቤት"፣ "ሻይ ቤት" ብሎ በብሩሽ የሚጽፍ ሰው ቤ ላይ ሲደርስ ቀለበቷን ከእግሩ በታች ወይም ወደ ቀኝ አውጥቶ፣ ሆን ብሎ ተለቅ አድርጎ ይሥላታል። ከመንገድ ማዶ የሚያነበው ደንበኛ እንዳለ ያውቃልና።

በውጭ አገር ያለነውም የራሳችን መሣሪያ አለን፤ ወፍራም ማርከር። በጄኔቫ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ባለው አደባባይ፣ ያ እግሩ የተሰበረ ትልቅ የእንጨት ወንበር ሥር፣ የአማርኛ መፈክር በካርቶን ይዞ ያልቆመ ማን አለ? የማርከር ጫፍ ክብ ነው፤ ስለዚህ የሚጽፈው ፊደልም ወፍራምና ጫፈ ክብ ነው። ማንም ንድፍ አውጪ ሳያዘን ክብ ፊደልን ራሳችን ስንጽፈው ኖረናል።

ድምፁ ቀደመ፣ ፊደሉ ዘገየ

ጄኔቫ ለአማርኛ ተራ ከተማ አይደለችም። ሰኔ 30 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው የአገራቸውን በደል ያሰሙት በአማርኛ ነበር። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሲሞክሩ የተቋረጠው አማርኛ ነው፤ ፉጨቱ ሲያበቃ የቀጠለውም አማርኛ ነው። ድምፁ በዓለም ጉባኤ ተሰማ።

ፊደሉ ግን በዓለም መዝገብ ለመግባት ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቷል። ኮምፒዩተር ሲመጣ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እንደ አቶ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ወገኖቻችን አማርኛን በየራሳቸው መንገድ ወደ ኮምፒዩተር አስገቡ። ችግሩ ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ የፊደል ቁጥር ነበረው። በአንዱ የጻፍከው በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናል። ለዓመታት ጽሑፎቻችንን እንደ ፎቶ ወይም እንደ ፒዲኤፍ አድርገን የምንለዋወጠው ለዚህ እንደነበር አንባቢ አይዘነጋውም። ነገሩ የተቋጨው በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ነው። የዩኒኮድ መንትያ የሆነውን ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያወጡት ሁለቱ ድርጅቶች፣ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትና የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽኑ፣ ዋና መሥሪያ ቤታቸው ጄኔቫ ነው። ድምፃችን የተሰማባት ከተማ ፊደላችን የተመዘገበበት ደረጃ ማኅተም ያረፈባትም ሆነች።

በዚያ መዝገብ የቢ መለያ 1262 ነው፤ የቤ መለያ 1264 ነው። ለማሽኑ ሁለቱ ፈጽሞ አይምታቱም። የእኔም ባነር በኮምፒዩተሩ ውስጥ 1264 ነበር። የልጅቷ ዓይን ግን መለያ ቁጥር አያነብም፤ ቀለበት ነው የሚያነበው። ዩኒኮድ ለፊደላችን ቁጥር ሰጠው እንጂ መልክ አልሰጠውም። መልኩን መስጠት የእኛ ሥራ ነበር፤ ገና አልጨረስነውም።

ምንም አልተሠራም ለማለት አይደለም። በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የወጣው "ኒያላ"፣ በአፕል ኮምፒዩተር ያለው "ከፋ"፣ በኋላ የመጣው "ኖቶ" ሁሉም የተደከመባቸው ናቸው። የግዕዝ ፊደልን ለኮምፒዩተር በማዘጋጀት ረገድ ዳንኤል ያዕቆብ የደከመው ድካም ደግሞ ምስጋና ይገባዋል። በእጅ ጽሕፈት ባለሙያው በይገዙ ብስራት ስም የተሰየመ ፎንትም አለን። ሆኖም የሚበዙት ለመጽሐፍና ለስክሪን ጽሑፍ የሚሆኑ ናቸው። ለርእስ፣ ለፖስተር፣ ለልጆች መጽሐፍ ሽፋን የሚሆን በወጉ የተነደፈ ወፍራም ክብ ፊደል ሲያስፈልገን እኔ የሠራሁትን እንሠራለን፤ ያለውን ወስደን እናወፍረዋለን።

ነጩን ማን ይጠብቀው?

ጥፋቱ በትክክል የት ላይ እንደሆነ ላስረዳ። ኮምፒዩተር ፊደልን ዙሪያውን በመስመር ሲያወፍር ወደ ውጭም ወደ ውስጥም እኩል ያወፍራል። ወደ ውጭ ሲሄድ ቦታ አለ። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን የሚበላው ነጩን ነው። የላቲን ፊደል በዚህ ብዙ አይጎዳም፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው በአመዛኙ ትልቁ ቅርጹ ነውና። የእኛ ፊደል ግን ትልቁ ቅርጽ ሆሄውን ብቻ ይነግርሃል፤ ድምፁን የምትነግርህ ትንሿ ቅጥያ ናት። ሲና ሴን፣ ሊና ሌን፣ ቲና ቴን፣ ዲና ዴን የምትለየው በእግር ሥር ያለች አንዲት ቀለበት ናት። ዐና ፀን የሚለያቸው በሆድ ውስጥ ያለ አንድ አግድም መስመር ነው። ነጩ ከጠፋ "ሴት" የምትለው ቃል "ሲት" ትሆናለች፤ "ሌላ" "ሊላ" ይሆናል።

ክብ ጫፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ባና ቦን የሚለየው የእግር ርዝመት ነው፤ ባ ቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ ቦ ግራ እግሩ። ጫፉ ክብ የሆነ እግር ለዓይን ከትክክለኛ ርዝመቱ አጠር ብሎ ይታያል። ስለዚህ ክብ ጫፍ ሲደረግለት ረጅሙ እግር ጥቂት ሊጨመርለት፣ አጭሩ በግልጽ ሊያጥር ይገባል፤ አለዚያ በ፣ ባና ቦ ወንድማማቾች ሆነው ይቀራሉ። ሥርዓተ ነጥቡም እንዲሁ ነው። አራት ነጥብ ሲወፍር አንድ ድፍን አራት ማዕዘን ይሆናል፤ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝም መስመራቸውና ነጥባቸው ተጣብቆ አይለዩም።

መፍትሔው አለ፤ የታፔላ ሠዓሊውም የቁም ጸሐፊውም የዙሪክ መምህራንም በየራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። ፍሩቲገር ዙሪክ ላይ ከመምህራኑ ከቀሰማቸው ነገሮች ዋናው በጥቁሩ መካከል ያለውን ነጭ ማየት ነው። ጥሩ የስዊስ ወፍራም ፊደል ቀረብ ብለህ ብታየው አግድሙ ከቋሚው ይቀጥናል፤ ይህ ደግሞ የመቃ ብዕር ሕግ ነው። ለእኛም ሕጉ ይኸው ነው። እግሩ ሲወፍር ቀለበቷ ትደግ፣ ወደ ውጭ ትውጣ። አግድሙ ይቅጠን። የፀ ሆድ ይስፋ። ሲጨርስም ማንበብ ለጀመረ ልጅ በሩቅ ይታይና ይፈተሽ። ጥንድ ጥንዱን ቢ ቤ፣ ሲ ሴ፣ ዐ ፀ፣ ባ ቦ እያሉ ማስነበብ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ የ21ን ነገር ላስታውስ። ፍሩቲገር 21 ዓይነት ሲያወጣ ለእያንዳንዱ መቶ ጥቂት የሚያልፉ ምልክቶች ይበቁት ነበር። እኛ አንድ ውፍረት ብቻ በወጉ ለመንደፍ፣ ዲቃላውን፣ አኃዙንና ነጥቡን ጨምረን፣ ከ300 በላይ ቅርጽ አንድ በአንድ መሣል አለብን። ሥራው ከባድ ነው። ከባድ ስለሆነ ግን ማሽኑ ያወፍርልን ብለን መተው አንችልም። የምናወፍረው ድንጋይ አይደለም።

ሁለት ተቃውሞዎች

ይህን ነገር ለወዳጆቼ ሳነሳ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ገጥሞኛል።

የመጀመሪያው ጄኔቫ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ያሉኝ ነው። "ልጄ፣ ይህ ፊደል የዳዊት ፊደል ነው። እንደ ድንች አድብልብለህ ማን አዘዘህ?" አሉኝ። ስሜታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ፊደላችን ምንጊዜም ለመሣሪያው ሲታዘዝ የኖረ ነው፤ ለመቃው፣ ለእርሳሱ፣ ለጽሕፈት መኪናው፣ ለብሩሹ። ዳዊቱን በቁም ጽሕፈት እንጻፈው። የልጆች መዝሙር ደብተር ላይ ግን ክብ ፊደል ቢኖር ፊደሉ አይዋረድም። ፊደልን የሚያዋርደው አለመነበቡ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ኮምፒዩተር አዋቂ ወዳጄ "ችግሩ ቀለበቷ ከሆነ ለምን ቀለበቷን በሌላ ቀላል ምልክት አንለውጣትም? ፊደሉ ይሻሻል!" አለኝ። ፊደልን የማሻሻል ሐሳብ በአገራችን ደጋግሞ የተነሳ ነው፤ ብዙ ጊዜም የተነሳው ማሽኑ ስላልቻለ ነበር። ዛሬ ግን ማሽኑ ችሏል። ለጽሕፈት መኪና ብለን ፊደላችንን ሳንቆርጥ ያን ዘመን አልፈን ከመጣን በኋላ፣ አሁን ለባነር ስንል እንቁረጠው? እኔ አልስማማም። ሰነፉ እኔ ነበርኩ፤ ቀለበቷ ምን አደረገች?

ወደ አዳራሹ ልመለስ

ያን ዕለት ዙሪክ ላይ የሆነውን ሳልጨርስ አቋርጬዋለሁ። ለልጅቷ "ልክ ነሽ፤ ቀለበቱን የደፈንኩት እኔ ነኝ" ብዬ መልስ ሰጠኋት። ይህን የተናገርኩት ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ለእሷ ብቻ ነበር፤ ሳቁ የተሳቀው ደግሞ በሕዝብ ፊት ነው። እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ስለዚህ በተከታዩ ወር እንደገና ሄድኩ። ባነሩ ለሌላ ጊዜ ይሆናል ተብሎ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ክብ ነጭ ተለጣፊ ወረቀት ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገዝቼ ነበርና ልጆቹ ሁሉ ተሰብስበው ባሉበት "ይህ ባነር ስሕተት አለበት፤ ስሕተቱን ያገኘችው እሷ ናት" ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋት። ወንበር ላይ ወጥታ ከቤ እግር ሥር፣ ጉብታው መካከል፣ አንዲት ነጭ ክብ ለጠፈች። ወርዳ ራቅ ብላ አየችው። ከዚያም ሳትጠየቅ ከዳር እስከ ዳር "የቤተሰብ ቀን" ብላ አነበበችው።

እነሆ ሦስት ሜትር ባነር በአንዲት ሳንቲም በምታህል ነጭ ወረቀት ተቃና። እኛ በስደት ያለነው ስለ ቋንቋችን ስናወራ ትልልቁን ነገር እናነሳለን፤ ሥልጣኔውን፣ ዘመኑን፣ ታሪኩን። ያ ሁሉ ተገቢ ነው። የሚተላለፈው ግን በትንሿ ቀለበት በኩል ነው። በመካከላችሁ ፊደል መንደፍ የምትችሉ፣ ታፔላ የሣላችሁ፣ ቁም ጽሕፈት የተማራችሁ ካላችሁ፣ ለእነዚህ ልጆች አንድ ወፍራም፣ ጫፈ ክብ፣ ቀለበቱ ያልተደፈነ ፊደል በወጉ እንሥራላቸውና ለሁሉም በነፃ እንልቀቀው። እኔ በበኩሌ ማርከሬን ይዤ ተዘጋጅቻለሁ።

ቸር ይግጠመን።

ጄኔቫ